«ደህና ነኝ» ባዩ ጌጅ፦ ከሱማሌ ተራ እስከ ጊቤ በረሃ

«ደህና ነህ?»
«ደህና፣ ፈጣሪ ይመስገን።»
«ቤተሰብስ?»
«ደህና ናቸው።»
«ሥራስ?»
«ደህና ነው።»

ይህን ምልልስ በቀን ስንቴ ትሰማላችሁ? መላሹ ከሥራ ከወጣ ወሩ ሊሆን ይችላል። የቤት ኪራይ ተጠራቅሞበት ከአከራዩ ጋር ላለመገናኘት ሲመሽ ጠብቆ የሚገባ ይሆናል። ፍቅረኛው ጥላው ሄዳ ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ሲቆጥር አድሮ ይሆናል። መንገድ ላይ ስታገኙት ግን «ደህና» ነው። ዋሽቶ አይደለም፤ ሰውን በራስ ጣጣ ማስጨነቅ ነውር ስለሚመስለው ነው። እውነቱን የምንሰማው አንድ ቀን «እገሌ እኮ ሆስፒታል ገባ» ሲባል ነው።

ወዳጆቼ፣ ይህ ጠባይ የሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። የመኪናም ጠባይ ነው።

ክሩስኮት ላይ የሞተር ሙቀት የምታሳየውን ቀጭን ቀስት አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ጠዋት ከታች ትነሣና መሃል ላይ ትደርሳለች። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ቢሆን ዝናብ፣ ሜዳ ቢሆን ዳገት፣ ንቅንቅ የለም። ሾፌሩም «ቀስቷ መሃል ናት፤ ደህና ነን» ብሎ ይነዳል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ብዙ የመኪና ፋብሪካዎች ባለመኪናው በየደቂቃው እንዳይሸበር ብለው ቀስቷ በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ መሃል ላይ እንድትቀመጥ አድርገው ይሠሯታል። ውሃው 80 ዲግሪ ሲሆንም መሃል ናት፤ ወደ 100 ሲጠጋም እዚያው ናት። ተነሥታ ወደ ቀዩ ስትሮጥ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ አልቋል። «እገሌ እኮ ሆስፒታል ገባ!» ማለት ይኼኔ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ትርፍ ጌጅ ማስገጠም ነው። ቁጥር የሚናገር፣ ይሉኝታ የማያውቅ ጌጅ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም እኛ ቤት የሆነውን ላጫውታችሁ። መኪና ባይኖራችሁም አንብቡት፤ ነገ የማን መኪና ውስጥ እንደምትሳፈሩ አይታወቅም።

አንቱ የምትባል መኪና

መኪናዋ የአጎቴ ናት። እ.ኤ.አ. የ1991 ሥሪት ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌላት። በዕድሜ ትበልጠኛለችና አንቱ ልላት ምንም አልቀረኝም። አጎቴ እሷን ለመስክ ሥራ እያከራየ ሦስት ልጆች አሳድጓል። መለወጥ ቢያምረው እንኳ እንዳሻው አይለውጣትም። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው አሮጌውን እንደ ዓይኑ ብሌን መጠበቅ ይዟል። እንዲህ ያለች መኪና ሞተሯ ተቃጠለ ማለት የአንድ ቤት እንጀራ ተቃጠለ ማለት ነው።

በዚያ ላይ የምንሄደው ጅማ ነው። አያቴ በአዲስ አበባ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ሁለት ወር እኛ ዘንድ ከርማ ወደ ቤቷ ልንመልሳት ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ መሃል ላይ ደግሞ ጊቤ በረሃ። «ጋሼ፣ አያቴን ይዘን በዚች ቀስት እምነት ጊቤ አንገባም» አልኩት። አጎቴ «ሠላሳ ዓመት ያልከዳችኝን ቀስት አንተ ልታማት ነው?» ብሎ ሳቀ። ግን ወጣ።

ሱማሌ ተራ

መርካቶ ሱማሌ ተራን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ አራዳ አይባልም። ከቡሎን እስከ ሙሉ ሞተር የሚገኝበት የመለዋወጫ መንደር ነው። ስፖኪዮው ማታ የተሰረቀበት ሰው ጠዋት ሄዶ የራሱን ስፖኪዮ ተከራክሮ ገዝቶ ይመለሳል የሚባለው ቀልድ የተፈጠረው ለዚሁ ሰፈር ነው። ገና ከመኪና ሳትወርዱ «ምን ልስጥህ አለቃ?» የሚል ድምፅ ከአምስት አቅጣጫ ይመጣል።

እኛ የፈለግነው ሦስት ጌጅ ነው፦ የውሃ ሙቀት፣ የዘይት ግፊት፣ የቮልት። ሦስቱ ተደምረው የአንድ ጎማ ዋጋ አልሞሉም። ነገር ግን ዝም ብሎ ያማረውን አንሥቶ መምጣት የለም። ባለሱቁን ሦስት ነገር ጠይቁት።

አንደኛ፣ «ስንት ቮልት ነው?» አንዳንዱ አሮጌ ናፍጣ ላንድክሩዘር 12 ቮልት፣ አንዳንዱ 24 ቮልት ነው። የ12 ቮልት ጌጅ 24 ላይ ብትሰኩት ያን ቀን ያበራል፤ ነገ የለም። የራሳችሁን መኪና ባትሪ አይታችሁ ሂዱ። ሁለት ባትሪ ስላለው ብቻ 24 ነው ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተያይዘው 12 የሚሰጡበት አለ።

ሁለተኛ፣ «ሴንሰሩ የራሱ ነው?» ጌጅና ሴንሰር እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱን ከሌላ ቤት አምጥታችሁ ብታጋቡት ቁጥሩ ይሳሳታል። አንድ ነጋዴ «የትኛውም ይሠራል» ቢላችሁ አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

ሦስተኛ፣ «ጥርሱ ምን ዓይነት ነው?» የጃፓን መኪኖች የዘይት ሴንሰር ጥርስና ከአሜሪካ ልክ የተቀዳው ጥርስ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። አንደኛው በኢንች 28፣ ሌላው 27 ጥርስ ነው። ሁለት ዙር በእጅ ይገባል፤ ከዚያ ይጠብቃል። በመፍቻ ካስገደዳችሁት ሞተሩ ላይ ያለውን ጥርስ ትበላላችሁ። አስማሚ ቁራጭ እዚያው ሱማሌ ተራ ይገኛል።

የጌጁ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 52 ሚሊ ሜትር ነው። ክሩስኮቱን መብሳት ኃጢአት የመሰለው አጎቴ ከክሩስኮቱ ሥር የሚንጠለጠል ባለ ሦስት ቀዳዳ ቆርቆሮ ምናለሽ ተራ አስቆረጠ። ከአሮጌ በርሜል የተቆረጠ ነበር። ጥቁር ቀለም ሲቀባ ግን ከፋብሪካ የወጣ መሰለ።

የአንድ ቀን ሥራ

ገጣሚው ዕድሜው ከእኔ የማይበልጥ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ወሬ አያበዛም። ኮፈኑን ከፍቶ መጀመሪያ ያየው የራዲያተሩን ክዳን ነው። ላስቲኩን በጥፍሩ ጫረውና «ጋሼ፣ ጌጁን ከመግጠማችን በፊት ይቺን ቀይሩ» አለ።

ለምን? ይህን ጉዳይ ደጋ የምንኖር ሰዎች በደንብ ልንሰማው ይገባል። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን ትምህርት ቤት የተማርነው ለባሕር ጠረፍ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነውና ውሃ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። የሞተሩ ቴርሞስታት ደግሞ በአብዛኛው መኪና ከ76 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው የሚከፈተው። እንግዲህ አስሉት፤ ደህና በሚሠራ ሞተርና በሚፈላ ውሃ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ከመፍላት የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ግፊት አምቆ ይይዝና የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርገዋል። 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን አዲስ አበባ ላይ ንጹሑን ውሃ እንኳ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ከሆነ ግን ያ ሁሉ መጠባበቂያ ጠፋ ማለት ነው። የድስት ክዳን የሚያህል ዕቃ፣ የሞተር ነፍስ ይዞ!

ክዳኑ ተቀየረ። ከዚያ የውሃው ሴንሰር። ሞተሩን መብሳት አላስፈለገም። ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የላይኛውን ጎማ ቱቦ ቆርጦ መሃሉ ላይ ሴንሰር የሚገባበት የአሉሚኒየም መገናኛ አስገባ፤ በሁለት በኩል በፋሸታ አጠበቀው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳት ነገር አለች። መገናኛው በጎማ መካከል ያለ ስለሆነ ከመኪናው ብረት ጋር አይነካካም። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ደግሞ መመለሻው የመኪናው ብረት ነው። ስለዚህ ከመገናኛው ወደ ሞተሩ ብረት አንዲት አጭር ሽቦ ካልተሳበች ጌጁ ወይ ዝም ይላል ወይ ይቀባጥራል።

ለዘይቱ የመኪናዋን ሴንሰር አውጥቶ አልጣለም። ባለ ሦስት አፍ መገናኛ አድርጎ ሁለቱም እንዲሠሩ አደረገ። ከባዱን አዲስ ሴንሰር ግን በመገናኛው ላይ አላንጠለጠለውም፤ በአጭር ተጣጣፊ ቱቦ ወስዶ ግድግዳው ላይ አሠረው። ናፍጣ ሞተር እንደ ወፍጮ ይንቀጠቀጣል፤ የተንጠለጠለ ብረት አንድ ቀን መገናኛውን ይሰብረውና ዘይቱ መንገድ ላይ ይቀራል። የጋለውን ዘይት በቀጭን ቱቦ እስከ ሾፌሩ ጉልበት ድረስ የሚያመጣ ሜካኒካል ጌጅም አለ። ቱቦው ቢፈስ የሚቃጠለው የእናንተ እግር ነውና የኤሌክትሪኩን ምረጡ።

ሽቦዎቹን ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ መስመር ወሰደ፤ መሃሉ ላይ የ5 አምፔር ፊውዝ አስገባ። ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ በሚገቡበት ቀዳዳ ላይ የላስቲክ ቀለበት አደረገ። ይህን ንቀው ያለፉ ሰዎች መኪና በንዝረት ሽቦው ተልጦ እሳት አስነሥቷል። በመጨረሻ የሙቀት ጌጁን የማንቂያ ድምፅ 100 ዲግሪ ላይ አደረገው።

አጎቴ ሞተሩን አስነሣ። ሦስቱ ጌጆች በሩ። ሙቀት 84፣ ቮልት 13.9፣ ዘይት ደህና። አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አያቸው። «እንዲህ ስትናገር ድምጿን ሰምቼ አላውቅም» አለ።

ሜዳው፣ ከተሞቹና ገለባው

ሰበታን አልፋችሁ ወደ ቱሉ ቦሎ ስትወርዱ የበቾ ሜዳ ይቀበላችኋል። ዓይን እስከሚደክም ድረስ ጥቁር አፈር ነው። በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በመኸር ጤፍና ሽምብራ የሚታፈስበት አገር። በታኅሣሥ ስታልፉ የጤፍ ክምር ግራና ቀኝ እንደ ጎጆ ተሰልፎ ታያላችሁ። ገለባ እስከ አናቱ የተሸከመ አይሱዙ ፊት ፊታችን እየሄደ መንገዱን በወርቅማ ብናኝ ይሸፍነው ነበር። አያቴ አንድ ዓይኗን በሻሽ ሸፍና በሌላው እያየች «ዘንድሮ ጤፉ ይዟል» አለች። በዚህች ገለባ ላይ ዓይናችሁን ጣሉባት፤ በኋላ እንገናኛለን።

ወሊሶ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ፍል ውሃ ያላት፣ ዛፍ የሚያለብሳት፣ ቅዳሜና እሑድ የከተማ ሰው ሊታጠብ የሚሄድባት ከተማ። ቡና ጠጥተን አለፍን። ወልቂጤ ስንደርስ የምሳ ሰዓት ነበር፤ ወልቂጤ ደርሶ ክትፎና ቆጮ ሳይበሉ ማለፍ እንግዳ ተቀባዩን ጉራጌ መስደብ ነው።

እስከዚያ ድረስ የውሃው ቁጥር 84፣ 86፣ 85 ይላል። አጎቴ ጨዋታው ጥሞት ነበር። ዳገት ሲመጣ «አሁን 88 ይላል» ይላል፤ ይላልም። «አየህ፣ ሐሳቧን አወቅሁት!» ይላል። አያቴ ግን ከኋላ ሆና «ልጄ፣ ይኼ ሰዓት ስንት ሆነ ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሰዓት አይደለም እማማ። የመኪናዋ ትኩሳት ነው።»

«እንዲያ ነው! እኔንም ሐኪሙ ደም ግፊቴን ሲለካ ደህና ነሽ ብሎ ብቻ አይሰደኝም። ቁጥሩን ይነግረኛል። ቁጥር የማይነግርህ ሐኪም ሊያጽናናህ ነው የመጣው።»

እኔ በአንድ ገጽ የምለውን እሷ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

ጊቤ

ከወልቂጤ ወጥታችሁ ትንሽ እንደተጓዛችሁ መሬቱ ከፊታችሁ ይጠፋል። ወልቂጤ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የጊቤ ድልድይ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ፣ መስኮት ትከፍታላችሁ፣ ጆሯችሁ ይደፈናል። ዛፉ ከባሕር ዛፍ ወደ ግራር ይለወጣል። አየሩ የጋለ ሣር ይሸታል። በአካባቢው የጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ወንዙ ውስጥ ጉማሬ አለ። ሸለቆው ድሮ የቆላ ዝንብና የገንዲ አገር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ተመራማሪዎች ከብት የሚፈጀውን ያንን በሽታ እዚሁ ሰፍረው ሲያጠኑ ኖረዋል።

ቁልቁለቱን አጎቴ በሦስተኛ ማርሽ ይዞ ወረደ። ይህ የድሮ ሾፌር ጥበብ ነው፤ ፍሬን ጌጅ የለውምና በማርሽ አስረህ ውረድ ይላል። የሚገርመው፣ በረሃው እየጋለ ሲመጣ የሞተሩ ቁጥር ወረደ። 80፣ 79። ሞተሩ ሥራ የለውማ! ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። «በረሃውን ወርደን ጨረስነው፤ አለፈልን» ይላል። የጊቤ ፈተና መውጫው ነው።

ድልድዩ ላይ ቆም ብለን ወንዙን አየነው። ቡናማ፣ ከባድ፣ የማይቸኩል ወንዝ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ኦሞ ተብሎ እስከ ቱርካና ሐይቅ ድረስ ይጓዛል። ከልጆች ማንጎ ገዛን። ከዚያ ወደ አበልቲ ዳገቱን ያዝነው።

88።

ከፊታችን የተጫነ ተሳቢ ነበር፤ መቅደም አይቻልም። በሁለተኛ ማርሽ፣ ከኋላው እንደ ጥጃ እየተከተልን ወጣን። ፍጥነት የለም፤ ፍጥነት ከሌለ ነፋስ የለም።

92። 95። ክሩስኮቱ ላይ ያቺ የፋብሪካ ቀስት? መሃል ናት። ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን!

98። አጎቴ መሳቅ አቆመ። «ማሞቂያውን ክፈተው» አልኩት። የመኪናው ማሞቂያ ሁለተኛ ራዲያተር ማለት ነው፤ ከሞተሩ ሙቀት ይሰርቃል። በጊቤ በረሃ በቀትር ማሞቂያ መክፈት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። መኪናው ውስጥ ዳቦ ይጋገራል። አያቴ «ምን ነካችሁ፣ በሕይወቴ ገሃነምን ልታሳዩኝ ነው?» አለች።

100። ጌጁ ጮኸ። 101። 103።

አጎቴ ቦታ አይቶ ከመንገድ ወጣ። እዚህ ላይ ነው ልምድ ያለው ሰውና ጉራ ያለው ሰው የሚለየው። ጉረኛ «ትንሽ ናት የቀረችው፣ አናቱ ላይ እናቆማለን» ይላል። በዚያች ትንሽ መንገድ ነው የቴስታታ ጓርኒሲዮን የሚቃጠለው፤ ቴስታታው ራሱ የሚሰነጠቀው። አጎቴ አቆመ፤ ሞተሩን ግን ወዲያው አላጠፋም። ውሃው መዞሩን፣ ፋኑም መንፋቱን እንዲቀጥል በቀስታ እንዲሠራ ተወው። እንፋሎት እየተተኮሰ ወይም ውሃው እየፈሰሰ ቢሆን ኖሮ ግን ወዲያው ማጥፋት ነበረበት።

አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆመልን። ደግ ሰው ነው። የ20 ሊትር ጀሪካን ይዞ ወርዶ «ክዳኑን ክፈቱና ቀዝቃዛ ውሃ ድፉበት!» አለ። አጎቴ ጨርቅ አንሥቶ ወደ ክዳኑ እጁን ዘረጋ። እኔ በመስኮት ጌጁን አየሁና «ጋሼ፣ 99 ነው! አትንካው!» ብዬ ጮህኩ። ግፊት አምቆ የያዘ ክዳን በዚያ ሙቀት ሲከፈት ውሃው ወዲያው ፈልቶ ፊት ላይ ይተፋል። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ደግሞ ብረቱን ራሱ ይሰነጥቀዋል። ሾፌሩ «በምን አወቅህ?» አለኝ። ጌጁን አሳየሁት። ትንሽ አየውና ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ተቀመጠበት። አብሮን ጠበቀ።

ግራር ሥር ማንጎ እየበላን ቁጥር ቆጠርን። 95... 90... 85... ከዚያ ሞተሩን አጠፋነው። ሲጠፋ ቁጥሩ ትንሽ ተመልሶ ወጣ፤ ይህ ያለ ነው፤ የሚያዞረው የለምና። እያሰለሰ ቁልፉን ከፈት እያደረግን አየነው። ከ50 ደቂቃ በኋላ 58 ላይ አጎቴ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ በቀስታ ፈታ። ውሃው ሙሉ ነው። አልፈሰሰም።

እንግዲያ ምንድን ነው? የአይሱዙው ሾፌር ጎንበስ ብሎ በፍርግርጉ ውስጥ አየና ሳቀ። «ገለባ በልታለች!» አለ። የበቾ ጤፍ ነው! የራዲያተሩ ፊት እንደ ፍራሽ በገለባ ታፍኗል። ሜዳው ላይ መኪናዋ ሥራ ስላልበዛባት አልታወቀም። ነፋስ በሚያስፈልጋት ቦታ ላይ ግን መተንፈሻ አጣች። ያንን ጀሪካን ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ ገለባው በገባበት እንዲወጣ አድርገን አፈሰስነው፤ በመጥረጊያ እየነካካን አጸዳን። ሁለተኛውን ጊዜ ያንኑ ዳገት ስንወጣ 93 አለ፤ ከዚያ አላለፈም።

አያቴ መኪናው ሲንቀሳቀስ «ሰዓቱ ስንት አለ?» አለች። «93።» «በሉ ያቺን ማሞቂያ ዝጉልኝ!»

ሰኮሩንና አሰንዳቦን አልፈን አመሻሽ ላይ ጅማ ገባን። ጂሬን ኮረብታ ላይ፣ ከዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በታች ባለው ሰፈር፣ ጎረቤቱ ሁሉ አያቴን ሊቀበል ወጥቷል። ቡና ተቆልቷል። ጭሱ ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ ከነፋሱ በላይ አስቀመጥናት። ብዙ ነገር ልታይ ትፈልግ ነበርና በአንድ ዓይኗ ሁሉንም ሰው ዞራ አየች።

ምክር ለወጣት ሾፌሮች

አንደኛ፣ ጌጅ ጌጥ አይደለም። ዛሬ ዛሬ ለማማር ብለው ስድስት ጌጅ ደርድረው አንዱንም የማያዩ ልጆች አሉ። አንድ የውሃ ሙቀት ጌጅ ትክክል ተገጥሞ የሚታይ ከሆነ ከስድስቱ ይበልጣል። መጀመሪያ በደህናው ቀን ቁጥሩን አጥኑት። የእናንተ መኪና በሜዳ ስንት ነው? በዳገትስ? ያንን ካላወቃችሁ በክፉ ቀን ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ በድንገት ሲወርድም ደንግጡ። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ሴንሰሩ አየር ላይ ይቀርና ጌጁ ዝቅ ሊል ይችላል። ሞተሩ እየነደደ ጌጁ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ዳገት ላይ ያለ ምክንያት «ተሻለው» ካለ አቁማችሁ እዩ።

ሦስተኛ፣ የዘይቱን ቀይ መብራት አትተማመኑ። የምትበራው ግፊቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ሞተሩ ሞቆ በቀስታ ሲሠራ ግፊቱ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። ነዳጅ ስትሰጡት ካልወጣ ግን አጥፉ።

አራተኛ፣ ቮልቱ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ገደማ ይሁን። ባለ 12 ቮልት መኪና እየሄደ 12.3 የሚል ከሆነ ዲናሞው አልሞላም ማለት ነው፤ ቺንጋውን እዩ። በአንዳንድ መኪና የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረውም ያው ቺንጋ ነውና ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ ይነግራችኋል።

አምስተኛ፣ በመኸር ወራት በጤፍ አገር የምታልፉ ሁሉ በረሃ ከመውረዳችሁ በፊት የራዲያተሩን ፊት እዩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም ከዚያ የመጣ ሾፌር ጠይቁ፤ ይህን የሚነግር ጌጅ ገና አልተሠራም።

የመጨረሻው ምክር መኪና ለሌላችሁም ነው። ሁላችንም ክሩስኮታችን ላይ አንዲት መሃል ላይ የቆመች ቀስት አለችን። ለአላፊ አግዳሚው እሷ ትበቃዋለች፤ ሰላምታችን ነውና አትንቀሏት። ግን ከክሩስኮቱ ሥር፣ ለቅርብ ሰው ብቻ የሚታይ፣ ቁጥሩን የሚናገር አንድ ጌጅ ይኑራችሁ። እናት ትሁን፣ ጓደኛ ይሁን፣ እጮኛ ትሁን፣ «ዛሬ 98 ነኝ» የምትሉት ሰው ፈልጉ። ጓደኛችሁ «98 ነኝ» ካላችሁ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ይዛችሁ አትሩጡ። ጀሪካናችሁ ላይ ተቀምጣችሁ አብራችሁት ጠብቁ።

መልካም መንገድ!